ምዕራፉን በግስ ጥሩት
ፈረንሳይኛን ለጀማሪዎች ስለ ማስተማር የተደረገ የሕዝብ ንግግር



ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ‹‹ፍራፍሬና አትክልት›› የሚል ምዕራፍ ነበረኝ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል ሥዕል፣ በሌላው በኩል ስም እየጻፍኩ 32 ቃላት አስጠናሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ፈተና ሰጠሁ፤ አብዛኛው ተማሪ ከ32ቱ 30ውን አገኘ። እኔም ደስ ብሎኝ ዕቅዴን አስፈርሜ ወደ ‹‹የቤት ዕቃዎች›› ተሻገርኩ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። አንድ ማታ ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ እንግዳ ክፍላቸው ውስጥ የሚበሉት ፍሬ ይገኝ እንደሆነ በፈረንሳይኛ ጠየቋት። ልጅቱ ሙዙንም፣ ብርቱካኑንም፣ አናናሱንም ታውቃለች። ‹‹አለ››፣ ‹‹ይሄ ግን የለም››፣ ‹‹ስንት ላምጣልዎት?››፣ ‹‹ትንሽ ይጠብቁኝ›› ማለት ግን አልቻለችም። በማግስቱ ክፍል መጥታ፣ ከፈረንሳይኛው ‹‹መስዩ›› በመጣው አጠራር ‹‹ሙሴ፣ እንጨቱንማ ለቅሜ ነበር፤ ማሰሪያ ገመድ ነው ያጣሁት›› አለችኝ።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚያ ገመድ ነው። ለጀማሪ የምናዘጋጀው ምዕራፍ በስም ሳይሆን በግስ ይጠራ ነው የምለው። ‹‹ምግብ›› ምዕራፍ አይሆንም፤ ‹‹ለአራት ሰው እራት መግዛት›› ይሆናል። ‹‹ሰዓት›› አይሆንም፤ ‹‹ቀጠሮ መያዝ›› ይሆናል። የስያሜ ለውጥ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን መምህሩ ማታ ወረቀቱን ዘርግቶ የሚያስበውን ነገር ሁሉ ይለውጠዋል።

አፋችን ውስጥ ያለው ፈረንሳይኛ

ወደ ዕቅዱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። ፈረንሳይኛ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ እዚህ አዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ትልቅ ቦታ ነበረው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ቋንቋውን በፉርጎ ጭኖ አመጣው ማለት ይቻላል። ከጣልያን ወረራ በኋላ እንግሊዝኛ መንበሩን ቢወስድም፣ ሊሴ ገብረ ማርያም የተባለው ትምህርት ቤት በ1947 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ያስተምራል።

ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። ቢሮ ይገባል፤ በአሳንሰር ይወጣል፤ ፎቴ ላይ ይቀመጣል፤ መኪናውን ጋራዥ ያስገባል። ሠራዊታችንም ኤታማዦር ሹም አለው። የመጀመሪያውን ቀን ክፍለ ጊዜ እነዚህን ቃላት ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሰበስቡ አደርጋለሁ። ከሁሉም የምወዳት ግን ‹‹ለገሃር›› ናት። ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያውን ‹‹ላ ጋር›› ይሉታል። ‹‹ጋር›› ጣቢያ ነው፤ ከፊቱ ያለችው ‹‹ላ›› ደግሞ ስሙ አንስታይ መሆኑን የምትናገር ትንሽ ቃል ናት። አባቶቻችን ስሙን ሲወስዱ ‹‹ላ››ን ሳይነጥሉ ነው የወሰዱት። እኔም ተማሪዎቼን፣ ‹‹እናንተም እንደ አባቶቻችሁ አድርጉ፤ የትኛውንም ስም ‹ለ› ወይም ‹ላ› ሳታስቀድሙ ደብተራችሁ ላይ አትጻፉ›› እላቸዋለሁ። በአማርኛ ‹‹ቤቱ›› ያልነውን ስናቆላምጠው ‹‹ቤቷ›› ማለት እንችላለን። በፈረንሳይኛ የስም ጾታ እንዲህ እንደ ልብ አይገለበጥም፤ አብሮ ይጠናል እንጂ።

ዝርዝሩ ከየት መጣ?

ቃላትን በርዕስ በርዕስ ከፋፍሎ ማስተማር የቆየ ጥበብ ነው። ኮሜኒየስ የተባለው የሞራቪያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1658 ባሳተመው የሥዕል መማሪያ መጽሐፍ እያንዳንዱን ገጽ በአንድ ርዕስ ሥር አደራጅቶ ሥዕሉን ከቃሉ ጎን አስቀመጠ። በ1907 ብራስልስ አጠገብ ትምህርት ቤት የከፈተው ቤልጅየማዊው ሐኪም ኦቪድ ደክሮሊ ደግሞ ትምህርትን በሕፃኑ መሠረታዊ ፍላጎቶች ዙሪያ ማደራጀት ፈለገ፤ መብላት፣ ከብርድና ከዝናብ መጠለል፣ ከአደጋ ራስን መከላከል፣ ከሌሎች ጋር መሥራት። ልብ በሉ፤ አራቱም ግሶች ናቸው። ከደክሮሊ በኋላ የመጡ መጻሕፍት ግን ግሱን ጥለው ‹‹ምግብ››፣ ‹‹ልብስ››፣ ‹‹ቤት›› የሚሉትን ርዕሶች ብቻ ያዙ።

ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ ደህና አድርጎ የሚያሳየን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የተካሄደ አንድ ጥናት ነው። ዦርዥ ጉገኔምና ባልደረቦቹ ለጀማሪ የሚሆነውን መሠረታዊ ፈረንሳይኛ ለመለየት የተራ ሰዎችን ጭውውት በመቅረጫ ሰበሰቡ፤ ከ300,000 በላይ ቃላት ቆጠሩ። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ከላይ የተደረደሩት ‹‹መሆን››፣ ‹‹መኖር››፣ ‹‹ማድረግ›› የመሳሰሉ ግሶችና እንደ ‹‹እኔ››፣ ‹‹ይህ››፣ ‹‹የ›› ያሉ ጥቃቅን ቃላት ሆኑ። እንደ ሹካ ያሉ፣ ማንም ፈረንሳዊ በየቀኑ የሚይዛቸው ዕቃዎች ስም ግን በቆጠራው ብዙም አልታየም። ሰው ሹካን የሚጠራው ስለ ሹካ ማውራት ሲያስፈልገው ብቻ ነዋ! ተመራማሪዎቹ መፍትሔ ፈለጉ። 16 ርዕሶችን መርጠው፣ ተማሪዎች በእያንዳንዱ ርዕስ ሥር ቶሎ የሚመጡላቸውን 20 ቃላት እንዲጽፉ አደረጉ። ሹካም በዚህ መንገድ ወደ ዝርዝሩ ገባች።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ስሞች በየርዕሱ ጎጆ ውስጥ ይኖራሉ፤ ርዕሱ ሲያልቅ እነሱም ይተኛሉ። ግሶችና ጥቃቅን ቃላት ግን ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚዞሩ ነጋዴዎች ናቸው። ምዕራፉን በስም ዝርዝር ብቻ ያቀደ መምህር ቤት የሚቀመጡትን ጋብዞ ነጋዴዎቹን በር ላይ ጥሏቸዋል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ያጣችው ገመድ እነዚህ ነበሩ።

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የቋንቋዎች የጋራ ማዕቀፍም የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም ኤ-1፣ የተገለጸው በቃላት ቁጥር አይደለም። ተማሪው ራሱን ማስተዋወቅ፣ የት እንደሚኖር መጠየቅና መመለስ፣ ቀላል ጉዳይ መፈጸም ይችላል ወይ ተብሎ ነው። ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ፈተና በዚህ ደረጃ ሲሰጥ ከቃል ፈተናው አንዱ ክፍል ፈታኙ ሻጭ፣ ተፈታኙ ገዢ ሆነው የሚነጋገሩበት ነው። ፈተናው ግስ እየጠየቀ እኛ ስም የምናስጠና ከሆነ ተማሪውን የት እየላክነው ነው?

አንድ ምዕራፍ በቅርብ ሲታይ

አሁን ሥራውን ላሳያችሁ። አንድ ሉክ ወረቀት ለሦስት አጥፋለሁ። ቤት ከመሠረቱ ይጀመራል፤ ምዕራፍ ግን ከጣራው ነው የሚጀመረው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጽፈው በታችኛው እጥፋት፣ የመጨረሻውን ቀን ነው። እንዲህ ይላል፤ ‹‹ተማሪው የተወሰነ ገንዘብ ይዞ ከሁለት ሻጮች አምስት ነገር ይገዛል፤ ተመልሶም ምን እንደገዛና ስንት እንዳወጣ ለጓደኛው ይናገራል።›› ይህ ሊታይና ሊሰማ የሚችል ነገር ነው። ‹‹ተማሪው ስለ ምግብ ያውቃል›› ብዬ ብጽፍ ኖሮ ማወቁን በምን አየዋለሁ?

በመካከለኛው እጥፋት ይህን ለማድረግ የግድ የሚያስፈልጉትን አባባሎች እጽፋለሁ። ሰላምታ አለ። ‹‹ዠ ቩድሬ›› አለ፤ ‹‹እፈልግ ነበር›› እንደማለት ያለ ትሕትና ያለበት ጥያቄ ነው። ሰዋስው የሚወድ መምህር ይህ የግስ ዓይነት ገና ሁለተኛ ዓመት የሚደረስበት ነው ብሎ ሊያስቀረው ይችላል። እኔ ግን እንደ አንድ ቃል፣ ሳይፈታ፣ እንዳለ እሰጣቸዋለሁ። ቄስ ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ትርጉሙ ኋላ የሚመጣ ነገር አስቀድሞ በቃል መያዝ ነውር እንዳልሆነ እናውቃለን። ከዚያ ‹‹ሴ ኮምቢያን?››፣ ‹‹ስንት ነው?›› ይመጣል። ከዚያ ቁጥር፣ ምስጋናና ስንብት።

ሰዋስው የሚመጣው እዚህ ላይ፣ ስለ ተፈለገ ነው። እኛ ‹‹ሩዝ እፈልጋለሁ›› ብለን ዝም እንላለን። ፈረንሳይኛ ግን ሩዝን ባዶውን አይተወውም፤ ‹‹ዱ ሪ›› ይላል፤ ‹‹ከሩዙ ጥቂት›› እንደማለት። ዘይት ‹‹ደ ልዊል›› ነው፤ ሽንኩርት ‹‹ዴ ዞኞን››። ልክ መጠን ሲጠራ ግን ያ ሁሉ ተጣጥፎ ‹‹ደ›› ብቻ ይቀራል፤ ‹‹ኧን ኪሎ ደ ሪ››። ‹‹የለም›› ሲባልም እንዲሁ፤ ‹‹ፓ ደ ሪ››። ይህን ሕግ በሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ብዘረጋው ግማሹ ክፍል ያዛጋል። የገበያ ዝርዝር ሲጽፉ አንዱን፣ ሻጩ ፊት ቆመው ኪሎውን ሲናገሩ ሌላውን መጠቀም ግድ ስለሚሆንባቸው ግን፣ ልዩነቱን ራሳቸው ይጠይቁኛል። የተጠየቀ ሰዋስው ሳይጠየቅ ከተሰጠው ይልቅ ይቆያል።

በላይኛው እጥፋት ዐሥሩ ክፍለ ጊዜ ይደለደላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተማሪው አይናገርም፤ ይሰማል፣ ያመለክታል፣ ሥዕል ከዋጋ ያዛምዳል። በቀጣዮቹ አራቱ አባባሎቹ እየተቀያየሩ ይደጋገማሉ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከስምንት ወይም ከዐሥር አዲስ ቃል አልበልጥም። ሠላሳ ሁለቱ ቃላት ቀርተዋል። ከዚያ ሁለት ቀን ቁጥር፣ አንድ ቀን ልምምድ፣ በመጨረሻው ቀን ገበያው ይቆማል።

ለቁጥር ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ መስጠቴ ብዙ ከመሰላችሁ አንድ ደብተር ላሳያችሁ። እኛ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና ብለን እናልፋለን። ፈረንሳዮች 70ን ‹‹ስልሳ ዐሥር››፣ 80ን ‹‹አራት ሃያ››፣ 90ን ‹‹አራት ሃያ ዐሥር›› ይሉታል። 97 ሲሆን ‹‹አራት ሃያ ዐሥራ ሰባት›› ነው። እኔ ‹‹ካትር ቫን ዲስ›› ብዬ ዋጋ ስጠራ፣ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ደብተሯ ላይ 4 ጻፈች፣ ቀጥላ 20፣ ቀጥላ 10። ዘጠና የነበረው ዋጋ 42010 ሆኖ አረፈው! ቤልጅየማውያንና ስዊሶች ‹‹ሴፕታንት››፣ ‹‹ኖናንት›› ብለው ተገላግለዋል። የኛ ተማሪ ግን ሁለቱንም ሊሰማ ስለሚችል ጆሮው ገበያ ከመውጣቱ በፊት መሰልጠን አለበት። ዕቅድ ማለት ተማሪው የሚሰናከልበትን ድንጋይ አስቀድሞ አይቶ ጊዜ መመደብ ነው። ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይባል የለ?

በዚሁ ምዕራፍ አማርኛ ተናጋሪው የሚቀድምበት ነገርም አለ። ለማያውቁት ሻጭ ‹‹ቩ››፣ ለጓደኛ ‹‹ቱ›› መባሉን ለአንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ለእኛ ልጅ ‹‹ቩ ማለት እርስዎ ነው›› ካልነው በቂ ነው፤ አክብሮቱን ከእናቱ ቤት ይዞት መጥቷል። ‹‹ዠ›› የምትለዋም ድምፅ ፊደላችን ውስጥ አለች። የምታስቸግረው የ‹‹ቱ›› አናባቢ ናት፤ ከንፈርን ‹‹ኡ›› ለማለት አሹሎ ምላስን ‹‹ኢ›› ላይ ማስቀመጥ ትጠይቃለች። እሷን በየቀኑ ለሦስት ደቂቃ፣ እየሳቅን እንለማመዳታለን።

ጠዋት የመጡትና ከሰዓት የመጡት

ሁለተኛውን ምሳሌ ባጭሩ ላንሳ፤ እሱም ጥፋቴ ነው። ‹‹ሰዓት›› የሚል ምዕራፍ ሳስተምር የካርቶን ሰዓት ይዤ ገብቼ ዘዋሪውን እያዞርኩ ‹‹አሁን ስንት ሰዓት ነው?›› እላለሁ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ከዚያም የቅዳሜን ማካካሻ ትምህርት በፈረንሳይኛ ‹‹አ ደ ዘር›› ብዬ ቀጠርኩ። ‹‹ደ ዘር›› ቃል በቃል ‹‹ሁለት ሰዓት›› ነው፤ በፈረንሳዮች አቆጣጠር ግን የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በ8 ሰዓት ስደርስ ግማሾቹ ብቻ ቆመዋል። ሌሎቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መጥተው፣ ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ነበር፤ በፈረንሳይኛ፣ ‹‹ሙሴ፣ እርስዎ የሉም›› ይላል። አረፍተ ነገሩ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ስሕተቱ የዕቅዴ ነበር።

የእኛ ቀን ከንጋት ይቆጠራል፤ የእነሱ ከእኩለ ሌሊት። ስድስት ሰዓት የሚያህል ገደል በመካከል አለ። የካርቶኑ ሰዓት ይህን ገደል አያሳይም፤ ቀጠሮ ግን ወዲያው ያሳያል። ዛሬ ምዕራፉ ‹‹ቀጠሮ መያዝ›› ነው የሚባለው። ሁለት ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በስልክ እንደሚነጋገሩ ሆነው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይስማማሉ፤ እያንዳንዱ የተስማማበትን ለየብቻ ይጽፋል። ወረቀቶቹ ከተመሳሰሉ አልፈዋል። እኔ እንኳ ማረም አያስፈልገኝም። ‹‹ደ ዘር›› እና ‹‹ዱ ዘር››፣ ማለትም ሁለትና ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለጆሮ ምን ያህል እንደሚቀራረቡም በዚያው ይገለጥላቸዋል።

ምዕራፎቹ ሲያያዙ

የአንድ ዓመት ትምህርት በስድስት ግስ ሊጠቃለል ይችላል፤ ራስን ማስተዋወቅ፣ ቤተሰብን በፎቶ ማሳየት፣ ዕቃ መግዛት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ መንገድ መጠየቅ፣ ለሐኪም ሕመምን መናገር። ዋናው ነገር አንዱ ለሌላው ስንቅ ማቀበሉ ነው። ቁጥርን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዕድሜና በስልክ ቁጥር ይገባል፤ ፈረንሳዮች ዐሥሩን የስልክ አሃዝ ሁለት ሁለት እያደረጉ ስለሚጠሩ ‹‹አራት ሃያ ዐሥር›› ገና ከጅምሩ ይሰማል። በሦስተኛው ዋጋ ይሆናል፤ በአራተኛው ሰዓት፤ በአምስተኛው የአውቶቡስ ቁጥር። ቁጥርን አንድ ጊዜ አስተምሮ መዝጋት ዳዊትን አንድ ጊዜ አንብቦ ማስቀመጥ ነው፤ የሚያድረው የተደገመ ብቻ ነው።

ምዕራፉን የሚሞላው ማን ነው?

ልጨርስ። የገበያውን ምዕራፍ በዚህ መልክ ካዘጋጀሁ በኋላ በጣም ኮርቼበት ነበር። በመጨረሻው ቀን ጠረጴዛዎቹን ደረደርን፤ ድንች፣ ሽንኩርትና ባዶ የዘይት ጠርሙስ ዘረጋን። ተራው የአንድ ጎልማሳ ተማሪ ሆነ፤ መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ናቸው። ሰላምታቸውን አቀረቡ፤ ‹‹ዠ ቩድሬ›› አሉ፤ ዋጋ ጠየቁ። ሻጯ ተማሪ ዋጋውን ስትነግራቸው ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣

‹‹ሙሴ፣ ‹ቀንሺልኝ› በፈረንሳይኛ እንዴት ነው?›› አሉኝ።

‹‹እርሱን አላስገባሁትም። ፓሪስ ሱቅ ውስጥ ዋጋው የተጻፈው ነው፤ ክርክር የለም›› አልኳቸው።

‹‹ፓሪስ ማን ይሄዳል?›› አሉኝ። ‹‹እኔ የምሄደው ጅቡቲ ነው።››

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን እስከ ቤቴ አልቆየም። ጅቡቲ ጎረቤታችን ናት፤ ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋዋ ነው፤ እዚያ ገበያ ያለ ክርክር አይገዛም። ዋጋውም እንደ ዩሮ በጥቂት አሃዝ የሚያበቃ አይደለም፤ በፍራንክ፣ በመቶና በሺህ ይጠራል። ቁጥሩን እስከ መቶ ብቻ አቅጄ ሰውየውን በመቶዎች ገበያ ውስጥ ልጥላቸው ነበር። ግስ መርጬ ነበር፤ ግን ግሱ የእኔ እንጂ የእሳቸው አልነበረም። የእሳቸው ግስ ‹‹መግዛት›› ብቻ አይደለም፤ ‹‹ተከራክሮ መግዛት›› ነው።

ያን ማታ ወረቀቱን ዘርግቼ ‹‹ሴ ትሮ ሼር››ን፣ ‹‹በጣም ውድ ነው››ን ጨመርኩ፤ መቶንና ሺህን ጨመርኩ፤ ገበያውንም በሳምንቱ እንደገና አቆምነው። ነጋዴው ሦስት ጊዜ ‹‹ሴ ትሮ ሼር›› ብለው፣ ሁለት ጊዜ ሄድኩ ብለው ተመልሰው፣ ሽንኩርቱን በሁለት ሦስተኛ ዋጋ ወሰዱት። ሻጯም በአማርኛ ‹‹አይ እርስዎ!›› ከማለት በቀር የምትመልሰው አጣች።

ከዚያ ወዲህ የታችኛው እጥፋት ላይ አንድ መስመር ባዶ እተዋለሁ። በምዕራፉ የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱን ይዤ ክፍል እገባና፣ ‹‹ይህን ስንጨርስ በፈረንሳይኛ ምን ማድረግ ትፈልጋላችሁ?›› ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚሉኝን እዚያች መስመር ላይ እጽፋለሁ። ዕቅዴ የሚፈረመው እሷ ስትሞላ ነው።